የቤት ወለል በኢትዮጵያ፤ ከእበት ልቅለቃ እስከ ሊሾ

ስለ ኢትዮጵያ ቤት አሠራር የጻፉ ሰዎች፣ የአገር ተወላጆችም ሆኑ የውጭ አገር መንገደኞች፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ሲመለከቱ ይገኛሉ። የሣሩን ክዳን፣ ጉልላቱን፣ ምሰሶውን፣ የግድግዳውን ማገርና ምርጊት እያንዳንዱን ለይተው ከገለጹ በኋላ ከወለሉ ሲደርሱ «ወለሉ አፈር ነው» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። ይህ አነጋገር ላይ ላዩን እውነት ቢመስልም ትልቅ ስሕተት አዝሏል። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በቦታው የነበረውና ቤቱ ካለቀ በኋላ እግር የሚረግጠው አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ተፈጥሮ ያስቀመጠው አፈር ነው፤ ሁለተኛው ግን በሰው እጅ የተመረጠ፣ የተደለደለ፣ የተለሰነና በየጊዜው የሚታደስ ሥራ ነው። ግድግዳን ወንዶች አንድ ጊዜ ካቆሙት ለዓመታት ይኖራል፤ ወለልን ግን ሴቶች ደጋግመው እንደ አዲስ የሚሠሩት ስለ ሆነ፣ ሥራው ከዕለት ተግባር ጋር ተቈጥሮ ከቤት አሠራር ታሪክ ውጭ ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህም «ለቤት የሚስማማው ወለል የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ከዕቃ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ የሚነሣ አዲስ ጥያቄ ይምሰል እንጂ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ረዥም ታሪክ ያለው ነው። መልሱንም በየዘመኑ የወሰነው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የአካባቢው አፈር ዐይነት፣ ወለሉን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ፣ በላዩ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ፣ ኋላም ቤቱ የማን እንደ ሆነ፣ እነዚህ ሁሉ በምርጫው ላይ ሠልጥነውበታል።

ከደገኛው ገበሬ ጐጆ መጀመር ይገባል። ቤቱ የሚቆምበት ስፍራ ከተመነጠረ በኋላ ሥርና ብስባሽ የሚበዛበት የላይኛው አፈር ይነሣል፤ ቀጥሎም ጐድጓዳው ተሞልቶ፣ ጕብታው ተቈርጦ፣ ውሃ እየተርከፈከፈ በእግር ይረገጣል፣ በእንጨት ይደበደባል። እዚህ ላይ ምርጫው ይጀምራል። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቍር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ጤፍ ይፈስበታል፣ ቍንጫና ጕንዳን ይገባበታል። ቦታው ዋልካ የሆነበት ባለቤት ሌላ አፈር ከሩቅ ማስመጣት፣ ወይም ዋልካውን በጭድና በዐመድ ማላላት ይኖርበታል። ቀይ አፈር ግን ሲረገጥ ይጠብቃል። ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ቦይ መቅደድም የወለሉ ሥራ ክፍል ነው፤ ቦዩ የተደፈነበት ቤት የቱንም ያህል ቢለቀለቅ በሐምሌ ይረጥባልና።

ከዚህ በኋላ ወለሉ በሴቲቱ እጅ ይገባል። የሚፈለገው ትኩስ የላም እበት ነው። የፈረስና የበቅሎ ፋንድያ ሸካራና ልል ስለ ሆነ አይያያዝም፤ ላም ግን ሣሩን አመንዥጋ ስለምታልመው እበቷ ጥቃቅን ጭረት ያለበት፣ የሚለጠጥና ሲደርቅ የሚያያዝ ይሆናል። እበቱ በውሃ ይበጠበጣል፤ እንደ አገሩ ልማድ ዐመድ ወይም ለስላሳ አፈር ይጨመርበታል። መጠኑ የሚለካው በእጅ ስሜት ነው። እጅግ ከቀጠነ አቧራውን አይዝም፤ እጅግ ከወፈረ ሲደርቅ ተላጦ ይነሣል። ለቅላቂዋ ከጓዳው ጥግ ጀምራ፣ የለቀለቀችውን እንዳትረግጥ ወደ ኋላዋ እየተመለሰች፣ ክንዷ እስከሚደርስበት ድረስ መዳፏን እንደ ቅስት እያዞረች ወደ በሩ ትወጣለች። ወለሉ ሲደርቅ የመዳፏ ፈለግ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይታያል። ሽታው ከደረቀ በኋላ ይጠፋል፤ የሚቀረው አቧራ የማያስነሣ፣ ለመጥረጊያ የሚመች፣ ለባዶ እግር ያልቀዘቀዘ ገጽ ነው።

አንዳንድ መንገደኞች ይህን ሥራ የድህነትና የንጽሕና ጕድለት ምልክት አድርገው ተመልክተውታል። ለዚህ ፍርድ የሚበቃው መልስ ከቤት ውጭ፣ ከአውድማው ይገኛል። ገበሬው እህሉን ከመውቃቱ በፊት አውድማውን ይመነጥራል፣ ይደለድላል፣ በእበትም ይለቀልቀዋል፤ ይህንንም የሚያደርገው የዓመት ቀለቡ ከአፈርና ከጠጠር እንዳይቀላቀል ነው። ጐተራውም እንዲሁ በእበትና በጭቃ ይመረጋል። ሰው ለሚበላው እህል የመረጠውን ገጽ ለሚተኛበት ቤትም መምረጡ ከችግር የመጣ አይደለም፤ ያው የታወቀና የተፈተነ ዕውቀት ወደ ቤት መግባቱ ነው። በአውድማና በቤት መካከል ያለው ልዩነት አውድማው በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀለቅ ቤቱ ግን ደጋግሞ መለቅለቁ፣ የአውድማውንም ሥራ ወንዱ ሲሠራው የቤቱን ግን ሴቲቱ መሥራቷ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች አውድማውን በእርሻ ምዕራፍ ጽፈውት ወለሉን መርሳታቸው ምናልባት ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

የእበት ወለል ያለ ዋጋ የሚገኝ አድርጎ ማሰብም ስሕተት ነው። ደን በተመናመነበት ደጋ አንድ ቍና እበት ሦስት ባለቤት አለው፤ ኩበት ሆኖ ምድጃውን ያነዳል፣ ማሳውን ያዳብራል፣ ወለሉን ይለቀልቃል። ላም የሌላት ባልቴት እበት ከጐረቤት ትለምናለች ወይም ልጇን ከብት ወደሚሰማራበት ትልካለች። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ ወለሉ የደረቀና የሰነጠቀ ቤት ሲገኝ፣ ምክንያቱ የባለቤቲቱ ስንፍና ሳይሆን የከብት እጦት ወይም የጕልበት ማነስ መሆኑን መመርመር ይገባል። የቤቱ ጤንነት፣ የከብቱ ብዛትና የሴቲቱ ዕድሜ በወለሉ ላይ ይነበባሉ።

የዚህ ወለል ዋና ጠባይ መታደሱ ነው። ለዘመን መለወጫ፣ ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ለሠርግና ለክርስትና ቤቱ ይለቀለቃል፤ በላዩም ቄጠማ ይጐዘጐዛል። ቄጠማ ከውሃ ዳር የሚበቅል፣ ሽታው ደስ የሚያሰኝ ለምለም ሣር ነው። በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉትና በራስ የሚታሰረውም ይኸው ቄጠማ ሲሆን፣ ትውፊቱ ከኖኅ ርግብና ከጥፋት ውሃው መጕደል ጋር ያያይዘዋል። ቄጠማ ንጣፍ ብቻ አይደለም፤ ንጣፍ ቢሆን ኖሮ ሰሌንና ቍርበት ይበልጡት ነበር። በማግሥቱ ጠውልጎ ተጠርጎ የሚጣል መሆኑ ጕድለቱ ሳይሆን ምግባሩ ነው፤ ቤቱ ለዚያ ቀን ብቻ አዲስ መሆኑን ያመለክታልና።

በታላላቅ ሰዎች አዳራሽ ጕዝጓዙ ሌላም አገልግሎት ነበረው። ግብር ሲበላ ጌታው በአልጋው ላይ ስጋጃ ተነጥፎለት ይቀመጣል፤ ከርሱ ቀጥሎ ያሉት እንደ ማዕረጋቸው ምንጣፍ ወይም አጐዛ ያገኛሉ፤ ሌላው ሕዝብ በቄጠማው ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ወለሉ አንድ ሲሆን፣ ሰውን ከሰው የሚለየው በወለሉና በሰውነቱ መካከል የሚገባው ነገር ነበር። ይህን ሥርዐት በገበሬው ቤትም በትንሹ ማግኘት ይቻላል። በግድግዳው ጥግ ከጭቃ የሚሠራው መደብ የወለሉ ከፍታ እንጂ ሌላ ዕቃ አይደለም፤ በዚያም ላይ እንግዳና ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጥጃው የሚያድርበት ጋጥ ደግሞ ሽንቱ እንዲወርድ ዝቅ ይላል። የትግራይ ሕድሞም ግድግዳውና ጣሪያው ከዚህ የተለየ ቢሆንም መደቡንና ልቅለቃውን አይተውም።

ድንጋይ ለመጥረብ ያልሰነፈ ሕዝብ ቤቱን ለምን በድንጋይ አላነጠፈም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ፣ አንጥፏል፤ ነገር ግን ለማን እንደ ሆነ መታየት አለበት። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጡት ጀርመኖች የታላላቅ ሕንፃዎችን መሠረት ለክተው አሳይተዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፍራንሲስ አንፍሬ በዱንጉር ቈፍሮ ባወጣው ሰፊ ሕንፃ ውስጥ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፉ ክፍሎች ተገኝተዋል። ሕዝቡ ይህን ስፍራ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ ዘመኑ ግን ከንግሥቲቱ ትውፊት እጅግ ወዲህ ነው። የድንጋይ ንጣፍ የጌቶችና የቤተ እግዚአብሔር ነበር። በላሊበላ ወለሉ ያው ግድግዳውም ጣሪያውም የሆነው አለት ነው፤ ሠሪዎቹ ወለሉን አላነጠፉም፣ ከዓለቱ ወርደው ደረሱበት እንጂ። በይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ በዋሻ ውስጥ ረግረግ በነበረ መሬት ላይ፣ በተረበረበ እንጨት ላይ እንደ ቆመ ይተረካል፤ ከሥሩ ባሕር አለ የሚለው የአካባቢው አነጋገርም ከዚህ የመጣ ነው። በነዚህ ሁሉ ስፍራዎች ምእመኑ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ በድንጋዩም ላይ ምንጣፍ ይዘረጋል። ለሚኖሩበት ቤት ግን በደጋ ብርድ የድንጋይ ወለል አስቸጋሪ ነው፤ ምድጃውም ምጣዱም በዚያው ክፍል ለሆነበት ቤት ሲበላሽ በአንድ ጧት የሚጠገን ገጽ ይሻላል።

ወደ ቈላው ሲወርዱ ምርጫው ፈጽሞ ይለወጣል። አፋሩና ሶማሌው ከብቱን ተከትሎ ስለሚሄድ መሬቱን አይደለድልም፤ ወለሉን ይሸከማል። ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሠሩት ሰሌን ሰፈር ሲደርስ ተዘርግቶ ቤት ይሆናል፣ ጕዞ ሲነሣ ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል። ቤቱን የምታቆመውና የምትነቅለውም ሴቲቱ ናት። እዚህም እንደ ደጋው የወለሉ ባለሙያ እርሷ ስትሆን፣ የደጋዋ ሥራዋን በየጊዜው ትደግመዋለች፣ የቈላዋ ይዛው ትሄዳለች።

በወለል ላይ ይህን ያህል ያሰበ ሕዝብ ይፈለግ ከተባለ ግን ከሐረር ጌ የሚቀድም የለም። የሐረሪ ቤት፣ በራሳቸው አጠራር ጌ ጋር፣ ዋና ክፍል ወለል አንድ ሜዳ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል የመቀመጫ ሥርዐት ነው። ደረጃዎቹ ነደባ ይባላሉ፤ ቍጥራቸውም አምስት ነው። አሚር ነደባ ለአባወራውና ለክቡር እንግዳ፣ ግድር ነደባ ማለትም ታላቁ ለቤተሰቡና ለጠቅላላው ጕባኤ፣ ጢት ነደባ ማለትም ትንሹ ዝቅ ላለው ሰው፣ ሱጥሪ ነደባ ከዐይን ሸሸግ ብሎ ለግል መኖሪያ፣ ገብቲ ኤሐር ነደባ ደግሞ እንደ ስሙ ከበሩ ኋላ። በደጋው አዳራሽ ማዕረግን የሚያሳየው ምንጣፍ ሲነሣ ማዕረጉም አብሮ ይነሣል፤ በሐረር ግን ማዕረጉ ከወለሉ ጋር ተሠርቷል። ማንም እንግዳ ሳይጠይቅና ሳይመራ ስፍራውን ያውቃል፤ አላውቅም ቢልም ወለሉ ራሱ ይናገርበታል።

ይህ ወለልና የነደባዎቹ ፊት ቀይ አፈር ይቀባል። ሐረሪዎች ስለ ቀይነቱ ሲናገሩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። በዚያ ጦርነት የአሚር ዐብዱላሂ ሠራዊት በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸንፎ ከተማዪቱ ነጻነቷን አጥታለች። ቀይ አፈር በአካባቢው የሚገኝ፣ ለልስን የሚመች ነገር ስለ ሆነ፣ የቀለሙ ልማድ ከጦርነቱ የቀደመ መሆኑንና ትርጕሙ በኋላ እንደ ተሰጠው መገመት አያስቸግርም። እንዲህ ማለት ግን ትውፊቱን ዋጋ አያሳጣውም። አንድ ሕዝብ መታሰቢያውን በአደባባይ ሐውልት ማቆም በማይችልበት ዘመን፣ ሴቶች በየጊዜው በሚያድሱት ወለል ላይ ማኖሩ፣ ስለ ወለል ምንነት ከማንኛውም ሌላ ማስረጃ የበለጠ ያስረዳል። መታሰቢያው እንዳይጠፋ የሚያደርገው የቀለሙ ጽናት ሳይሆን መደጋገሙ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት አፈሩ በቀይ የዘይት ቀለም ተተክቷል፤ ቀለሙ ቀርቷል፣ ቅቡ ግን እንደ ቀድሞው ቶሎ ቶሎ አይታደስም።

በዚያው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች፤ ከርሷም ጋር አዲስ ወለል መጣ። ይህም የሳንቃ ወለል ነው። እንጨት በኢትዮጵያ ቤት አሠራር ውስጥ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በአግዳሚ ላይ የሚቸነከር ሳንቃ የመኳንንትና የነጋዴ ቤት ልማድ የሆነው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በሕንድ፣ በአርመንና በሌሎች የውጭ አገር ባለሙያዎች እጅ ነው። ሳንቃው በመናገሻና በሌሎች ደኖች ከሚቈረጥ ጥድና ዝግባ ይሰነጠቅ ነበር። ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ይመረጣል፤ በከተማው ዙሪያ የበዛው ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ስለሚጣመም ለማገርና ለምሰሶ እንጂ ለሳንቃ አልተመቸም። ቤቱ በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ይላል፤ ከሳንቃው ሥር ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ይተዋል፤ በፊቱ በረንዳና ደረጃ ይሠራል። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተው የጣይቱ ሆቴል ከዚህ ዐይነት ሕንፃዎች አንዱ ሲሆን፣ በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ የሳንቃና የእንጨት ቤት ትልቁ ጠላት ማን እንደ ሆነ አሳይቷል።

የእሳቱ ነገር ከዚህም የጠለቀ ውጤት ነበረው። በእበት ወለል ላይ ሦስት ጕልቻ መትከል፣ ፍም መበተን፣ ዐመድ መድፋት ይቻላል፤ በሳንቃ ላይ ግን አይቻልም። ስለዚህ ሳንቃ የገባበት ቤት ምድጃውን አስወጥቷል። ወጥ ቤቱ በግቢው ኋላ ለብቻው ተሠራ፤ የዚያም ቤት ወለል እንደ ጥንቱ አፈር ሆኖ ቀረ። በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት ወለል ሆነ፤ አንደኛው ጌታና እመቤት በጫማ የሚረግጡት ሳንቃ፣ ሁለተኛው አገልጋዮች በባዶ እግር የሚረግጡት እበት። ቀድሞ በአንድ ጐጆ ውስጥ ባለጠጋይቱም ገረዷም በአንድ ምድጃ ዙሪያ ነበሩ፤ ልዩነታቸው በመቀመጫው እንጂ በቤቱ አልነበረም። ስለ ከተማ ሥልጣኔ ሲጻፍ ስለ መንገድና ስለ ቈርቈሮ ብዙ ይባላል። የቤተሰብን ኑሮ ከመሠረቱ የለወጠው ግን፣ ጕልቻውን ከመኖሪያ ቤት ያወጣው ይህ ሳንቃ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሥራውም አልቀለለም። ሳንቃ በሳሙናና በብሩሽ ይፋቃል፣ በሰም ይወለወላል፤ ይህም እንደ ልቅለቃው በጕልበት ተንበርክኮ የሚሠራ ነው። የተለወጠው የሠራተኛይቱ ማንነት ነው። ልቅለቃ የእመቤቲቱም የልጇም ሙያ ስለ ነበረ ባለሙያዪቱ ትመሰገንበታለች፤ ሳንቃ ማጠብ ግን በደመወዝ የሚሠራ የገረድ ሥራ ሆነ፤ ምስጋናውም ለባለቤቱ ሄደ።

ሲሚንቶ የመጣው ከሳንቃው በኋላ ነው። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባድ ዕቃ ማስመጣት ቢቀልም፣ ሲሚንቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ነገር ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በድሬ ዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲቋቋምና የጣሊያን ግንበኞች ሲበዙ ግን ወለል በሲሚንቶ ማፍሰስ የተለመደ ሆነ። የግንበኛው ቋንቋ ከሥራው ጋር ስለ ቀረ፣ በጣሊያንኛ ለስላሳ ማለት የሆነው ሊሾ በአማርኛ የወለል ስም ሆኗል። ፓርኬ የሚለው ቃል ደግሞ ምንጩ ፈረንሳይኛ ነው። ሊሾ አይቃጠልም፣ አይበሰብስም፣ በውሃ ይታጠባል፤ ነገር ግን ይቀዘቅዛል። ዋልካ ላይ ደግሞ መሬቱ በሚገባ ሳይቈፈርና ድንጋይ ሳይረበረብበት የተፈሰሰ እንደ ሆነ በሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል። እበት ሲሰነጠቅ በአንድ ጧት ይጠገናል፤ የተሰነጠቀ ሊሾ ግን እስከ መጨረሻው የተሰነጠቀ ነው።

ስለ እበት ወለል ይህን ያህል ከተመሰገነ በኋላ ጕዳቱን መሸፈን ሐቀኝነት አይሆንም። መንጋጋ ቈልፍ የሚባለው በሽታ ዘሩ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል፤ በእንዲህ ያለ ወለል ላይ የወለደች እናትና እትብቱ በዚያ የተቈረጠ ሕፃን ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። ሙጃሌም እንቍላሉ የሚያድገው በደረቅና በተሰነጠቀ የቤት አፈር ውስጥ ነው። ስለ ሙጃሌ ግን ለታሪክ ተመልካች የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ይህ ተባይ የአሜሪካ ተወላጅ ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ከመርከብ ጋር ወደ አንጎላ ጠረፍ ገብቶ ከዚያ በኋላ ነው አፍሪካን ያዳረሰው። እንግዲህ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት የነበረች ለቅላቂ ከዛሬዪቱ ጋር አንድ ዐይነት ወለል ብትሠራም፣ አንድ ዐይነት አደጋ አልነበረባትም። ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር ያስረዳው የእግር እብጠትም፣ ማለት በትል ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመኖር የሚመጣው ዝሆኔ፣ አፈርን ከእግር መለየት እንደሚገባ አመልክቷል። አሮጌው ወለል ለዘመኑ ብልህ ምርጫ መሆኑና ዛሬ መለወጥ የሚገባው መሆኑ አይጋጩም።

ነገር ግን ለመለወጥ ከዕውቀትና ከገንዘብ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር እንዳለ የከተማው ታሪክ ያሳያል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሀብት ሆነ። ብዙ ሕዝብ በአነስተኛ ኪራይ መኖሪያ ማግኘቱ የማይካድ ነው። ወለሉ ግን ባለቤት አጣ። የቀድሞው ባለንብረት ቤቱን ተነጥቋል፤ ቀበሌው ከኪራዩ የሚያገኘው ለጥገና አይበቃም፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ሲሚንቶ ማፍሰስ ያመነታል። በዚህ ጊዜ የበዛው የላስቲክ ምንጣፍ ነው። የበሰበሰውን ሳንቃ፣ የተሰነጠቀውን ሊሾና የጐደጐደውን አፈር በአንድነት ይሸፍናል፤ ባለቤቱ ሲለቅ ጠቅልሎ ይዞት ይሄዳል። በዚህ ጠባዩ የቈላው ሰሌን ወንድም ነው፤ ልዩነቱ አርብቶ አደሩ ወለሉን የሚሸከመው ስለሚጓዝ ሲሆን፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ስፍራ ተቀምጦም ቤቱን የራሴ ለማለት ስላልቻለ መሆኑ ነው። ከመኳንንቱ ዘመን የቀሩ የአዲስ አበባ ቤቶች ብዙዎቹ የጠፉት በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ አንድ ሳንቃ ይሰበራል፣ ምንጣፍ ይሸፍነዋል፣ ከሥሩ ርጥበት ይታመቃል፣ አግዳሚው ይበሰብሳል፤ ቤቱ የሞተው ከእግሩ ጀምሮ መሆኑን ግን የሚያውቅ የለም።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይህን ነገር ገልብጠውታል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቍልፉን ሲረከብ በብዙ ቤት የሚያገኘው ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ባለቤትነቱንም ለማሳየት መጀመሪያ የሚያደርገው ወለሉን ማልበስ ነው። ሴራሚክ ይመርጣል፣ ፓርኬ ይመርጣል፣ ዐቅሙ ካልፈቀደ ፕላስቲክ ያስለጥፋል። እነዚህ ሁሉ የሚመረጡት ባለመለወጣቸው ነው፤ አንድ ጊዜ ተሠርተው ብዙ ዓመት እንዲቆዩ። ልቅለቃም የለም፣ መደብም የለም፣ ምድጃውም ኤሌክትሪክ ሆኗል።

ሆኖም በበዓል ዋዜማ በነዚሁ ሕንፃዎች በር ላይ ቄጠማ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረው ይታያሉ። ገዢው እስሩን በብብቱ ይዞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ በሚያበራው ሴራሚክ ላይ ይበትነዋል፤ ረከቦቱም በዚያ ላይ ይቀመጣል። አንዳንድ ቡና ቤት ዓመቱን ሙሉ የማይጠወልግ የፕላስቲክ ሣር አንጥፏል፤ በመኖሪያ ቤት ግን ለበዓል የሚፈለገው ዛሬም እርጥቡ ነው። በማግሥቱ ጧት ባለቤቲቱ ጠርጋ በከረጢት ታወርደዋለች።